ጉድጓዱ «ንጹሕ ነው» ሲባል፦ ስለ ነዳጅና ስለ ከርሰ ምድር ውሃ የቀረቡ ጥያቄዎች

የዚህ ሰሞን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከማደያ አካባቢ የመጡ ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስድቡንም አስቀርቻለሁ።

ከአቃቂ የጻፉ እናት የግቢያቸው ጉድጓድ ውሃ ነዳጅ ነዳጅ መሽተት ጀምሯል። ከአጥሩ ወዲያ ማደያ አለ። ውሃውን አፍልተው «ውሃ አጋር» የተባለውን ክሎሪን ሲጨምሩበት ሽታው ይቀንሳል። ለወጥ ይሆናል ወይ ነው ጥያቄው።

አይሆንም፣ እመቤቴ። ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ነዳጅን አያጠፋም። ሲያፈሉት ደግሞ በቀላሉ የሚተነው ክፍል ወደ ኩሽናው አየር ይወጣል፤ ሳይጠጡት ይተነፍሱታል ማለት ነው። ሽታው ቀነሰ ብለውም አይጽናኑ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ፣ ከነዳጅ ለሚመጣው ለቤንዝን ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ ይህ ኬሚካል የደም ካንሰር ያመጣል፤ አፍንጫና ምላስ የሚያውቁት ግን ከዚህ ወሰን በብዙ እጥፍ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አይጠጡት፣ አያብስሉበት፣ በተዘጋ ክፍል በሙቅ አይታጠቡበት። ናሙና ከመስጠትዎ በፊት ላብራቶሪውን «የነዳጅ ኬሚካሎችን ትመረምራላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ የተለመደው የጀርም ምርመራ ይህን አያሳይም። ከዚያም ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቅጂውን ያስቀምጡ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይሸፍን ይላል። ይህን «ቢመችዎ» ብዬ አይደለም የምነግርዎ፤ በዚህ ሳምንት ያድርጉት።

በደብዳቤዎ መጨረሻ በግቢዎ የናፍጣ ጀነሬተር እንዳለ በአንድ መስመር ጠቅሰው አልፈዋል። ጎረቤትዎን ከመክሰስዎ በፊት የጀነሬተርዎን ታንከር ሥር ይመልከቱ።

ቤንዚንና ቤንዝን አንድ ናቸው? አይደሉም፤ ቤንዝን በቤንዚን ውስጥ ካሉት በርካታ ኬሚካሎች አንዱ፣ ከመጥፎዎቹም አንዱ ነው።

በሜሪላንድ፣ አሜሪካ የማደያ ባለቤት የጻፉት ደብዳቤ ግማሹ እሮሮ ነው። ማደያውን ሲገዙ ከሥሩ የቆየ የነዳጅ ፍሳሽ እንዳለ ያውቁ ነበር። አራት የመከታተያ ጉድጓዶች አሉ፤ አማካሪ ድርጅት በየሦስት ወሩ እየመጣ ይለካል፣ ናሙና ይወስዳል፣ ሂሳብ ይልካል። በኤፕሪል፣ ሁልጊዜ ቆሻሻ የነበረው ጉድጓድ «ቤንዝን አልተገኘም» የሚል ውጤት አመጣ። «ተመስገን፣ ጸዳ። አሁንስ ማቆም አልችልም?» ይላሉ።

ማቆም የእርስዎም የአማካሪዎም ሥልጣን አይደለም፤ ፋይሉን የሚዘጋው የሜሪላንድ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ነው። ይህን እንደሚያውቁ እገምታለሁ። የሚያሳስበኝ ግን የላኩልኝን ሰንጠረዥ አንድ ዓምድ ብቻ ማንበብዎ ነው። ከጎኑ የውሃው ጥልቀት ተጽፏል። በኦክቶበር ውሃው ከመሬት 22 ጫማ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ቤንዝኑም 340 ማይክሮግራም። በኤፕሪል ውሃው ወደ 11 ጫማ ወጥቷል። የጉድጓዱ ቧንቧ ቀዳዳዎች የሚጀምሩት ደግሞ 15 ጫማ ላይ ነው።

ነዳጅ ከውሃ ስለሚቀል የሚንሳፈፈው ከውሃው አናት ላይ ነው። ቧንቧው ከላይ ድፍን፣ ከታች ወንፊት ነው፤ ወንፊቱ የውሃውን አናት ከላይም ከታችም አቅፎ መያዝ አለበት። የእርስዎ ውሃ ከወንፊቱ በላይ አራት ጫማ ወጥቷል። የተቀዳው ናሙና እንግዲህ ከታች የገባ ነው፤ ቆሻሻው ንብርብር ከድፍኑ ቧንቧ ውጭ ቆሟል። ጉድጓዱ አልጸዳም፣ ዐይኑ ተጋረደ እንጂ። በጋው አልፎ ውሃው ሲወርድ ያ 340 ተመልሶ ቢመጣ አልደነቅም።

ተቃራኒውም ይከሰታል። ውሃው ወጥቶ አፈሩ ላይ ተጣብቆ የቀረውን ነዳጅ ሲያሟሟው ቁጥሩ በአንድ ወቅት ያሻቅባል፤ ባለንብረቱ ሌላ ፍሳሽ ተፈጠረ ብሎ ይደነግጣል። ለዚህ ነው አንድ ውጤት ብቻውን፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ወሬ እንጂ ማስረጃ የማይሆነው። የሚያስፈልገው በዝናቡም በድርቁም የተወሰደ የዓመታት ሰንሰለት ነው። የሁሉም ጉድጓዶች የውሃ ከፍታ በአንድ ቀን ካልተለካ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ አይታወቅም፤ አቅጣጫው ካልታወቀ ደግሞ በድንበርዎ ላይ ያለው ጉድጓድ ንጹሕ መሆኑ ምን ይነግረናል? የሟሟ ኦክስጅን ይለካ እንደሆነም ይጠይቁ። በተበከለው ቦታ ኦክስጅኑ አልቆ ከዚያ ውጭ የበዛ ከሆነ፣ ባክቴሪያዎች ነዳጁን እየበሉት ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ገንዘብዎን ማዳን ከፈለጉ ማቆምን ሳይሆን ማራራቅን ይጠይቁ። ቁጥሮቹ ለተከታታይ ዓመታት ከወረዱ አማካሪዎ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ ሊጽፍ ይችላል። የአሜሪካ የመጠጥ ውሃ ወሰን በሊትር 5 ማይክሮግራም መሆኑን ግን አይርሱ፤ ከ340 ተነሥቶ እዚያ መድረስ መንገድ አለው። የጥልቀት ዓምድ የሌለው ሪፖርት ከመጣልዎም ሳይከፍሉ ይመልሱት።

«ናሙና የሚወስደው ልጅ ከላብራቶሪ ሞልቶ ያመጣውን ጠርሙስ መልሶ እዚያው ይልካል፤ ያስከፍለኛልም። እያታለለኝ ነው?» አይደለም። ያ ጠርሙስ ሳይከፈት ከሌሎቹ ጋር ደርሶ ይመለሳል፤ በውስጡ ቤንዝን ከተገኘ ብክለቱ የመጣው ከመንገድ እንጂ ከጉድጓድዎ አይደለም። ቀኑን ሙሉ መኪና በሚቀዳበት ግቢ ይህ የሚጠቅመው እርስዎን ነው። ይልቅ ሲቀዳ አጠገቡ ይቁሙ። ትንሿን 40 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከደፈነ በኋላ ገልብጦ በጣቱ መታ መታ እያደረገ አረፋ መኖሩን ካላየ፣ ያን ጊዜ ይቈጡ፤ ቤንዝኑ ወደ አረፋው ያመልጣል።

በአዲስ አበባ ማደያ የሚሠራ ወጣት ጠዋት ጠዋት በዘንግ ሲለካ ቤንዚኑ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ አለቃው «ተንኖ ነው» ይሉታል።

ትንሽ ይተናል፣ እውነት ነው። የፓምፕ ቆጣሪ ይሳሳታል፤ ቦቴውም ጎድሎ ይመጣል፤ ሌባም አለ። ግን ማታ ስትዘጉ ለካ፣ ጠዋት ሳትከፍቱ ለካ፤ ሳይሸጥ በሌሊት የሚጎድል ከሆነ ትነት ብቻ ነው ብለህ አትቀበል። በዘንጉ ጫፍ ውሃ የሚያሳየውን ቅባት ቀብተህ ሞክር፤ ታንከሩ ውስጥ ውሃ ከገባ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል። አሜሪካኖች በ30 ቀን ውስጥ ከሽያጩ 1 በመቶ ሲደመር 130 ጋሎን፣ ወደ 490 ሊትር፣ ካለፈ ፍሳሽ ይጠረጠር ይላሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. በሜሪላንድ ጃክሰንቪል ከአንድ ማደያ የተበሳ መስመር ከወር በላይ ሳይታወቅ 26,000 ጋሎን ያህል ቤንዚን አፈሰሰ፤ ነዳጁ በዓለቱ ስንጥቅ እየሄደ የመንደሩን የመጠጥ ጉድጓዶች አሰጋ። የአዲስ አበባም ዓለት ስንጥቅ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው፤ የከርሰ ምድሩ ውሃም በአብዛኛው ወደ ደቡብ፣ ከተማው ወደሚጠጣበት ወደ አቃቂ ጉድጓዶች ያዘነብላል። የለካኸውን በቀን በቀኑ መዝግበህ ለአለቃህ በጽሑፍ ስጥ።

የተበከለ ማደያ ሲሸጥ የማጽጃውን ወጪ ሻጭ ይክፈል ወይስ ገዢ? የውል ነገር ነው፤ ጠበቃ ይጠይቁ። ከመፈረምዎ በፊት ቢሆን ይሻል ነበር።

ግቢውን አስፋልት ስናለብስ የመከታተያ ጉድጓዶቹን ክዳን ብንሸፍነውስ? በፍጹም። ክዳኑ ከአዲሱ አስፋልት እኩል ከፍ ይደረግ፤ የቧንቧው አፍ ከተነካም ከፍታው እንደገና በቀያሽ ይለካ። የማያስፈልግ ጉድጓድ ካለ በመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ፣ ፈቃድ ባለው ቆፋሪ በሲሚንቶና በቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው በሚያብጥ ሸክላ) ተደፍኖ ይዘጋል።