«ሚሳ ሙን ላሲት ኦን?»

ሰሞኑን ሄልሲንኪ አዲስ የመጣ ልጅ «ጋሼ፣ ሽንት ቤት የት ነው በፊንላንድኛ እንዴት ነው የሚባለው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሚሳ ቬሳ ኦን?» አልኩት። ሚሳ የት፣ ቬሳ ሽንት ቤት፣ ኦን ነው። «ሚሳ ኦን ቬሳ?» ብትሉም ያስኬዳል። ልጁ አመስግኖ ሄደ፣ እኔ ግን የድሮ ነገር ትዝ አለኝና ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

እዚህ አገር መጀመሪያ የሠራሁት አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ዘጠና ያለፋቸው አንዲት እናት ነበሩ፣ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። አንድ ቀን ጋዜጣውን ጭናቸው ላይ እንደዘረጉ «ሚሳ ሙን ላሲት ኦን?» አሉኝ። ሚሳን አውቃለሁ። ላሲም ብርጭቆ ነው፣ እሱንም አውቃለሁ። ሮጬ ውሃ ቀድቼ አመጣሁ። ጠጥተው አመሰገኑና መልሰው ያንኑ ጠየቁኝ። ሁለተኛ ብርጭቆ። ይሉኝታ ይዟቸው መሰለኝ እሱንም ጠጡልኝ። ሦስተኛውን ሳመጣ ግን ብርጭቆውን ዝም ብለው አዩት፣ ጋዜጣውን በቀስታ አጣጠፉትና ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ።

ላሲት መነጽርም እንደሆነ፣ «መነጽሬ የት ነው?» እያሉኝ እንደነበር የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው። መነጽራቸው ለካ ከጀርባቸው መስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። የሚቆጨኝ ያልገባኝን ነገር «ዮ፣ ዮ»፣ አዎ አዎ እያልኩ፣ ጥርሴን እያሳየሁ ማለፌ ነው። ሄጄም ይቅርታ አልጠየቅኳቸው፣ አፈርኩ።

የእናንተ ዘመን ልጆች ስልካችሁን አውጥታችሁ ታስተረጉማላችሁ። ጥያቄውን ስልኩ ይጠይቅላችኋል፣ መልሱ ግን ከሰው አፍ ነው የሚመጣው፣ ያውም ተጣድፎ። ስለዚህ የቃሉን መጨረሻ ልብ ብላችሁ ስሙ። እኛ «ቁም ሳጥን ውስጥ» ስንል ውስጥ ከኋላ እንደሚመጣው፣ እነሱም ካፒ ያሉትን ቁም ሳጥን ካፒሳ ይሉታል። ሳ ውስጥ ነው፣ ላ ደግሞ ላይ። ላ እና ላይ መመሳሰላቸው እንዲያው አጋጣሚ ነው፣ እኔን ግን ጠቅሞኛል። ይህ የውስጥና የላይ ነገር ግን በከተማ ስም ላይ አይሠራም፤ ሄልሲንኪ ላይ ሳ ይገባል፣ ታምፔሬ ላይ ላ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሚስታ ከየት፣ ሚሂን ወዴት።

ማጥበቅና ማላላቱ ለኛ አይከብድም። «አለ» ስናጠብቀው መኖር፣ ስናላላው መናገር አይደል? እነሱም ቱሊ ሲሉ እሳት ነው፣ ሊን ካጠበቁት ጉምሩክ ይሆናል። ካፒም ካፒሳ ሲሆን ፒ ይላላል። ሰዋስው አታጥኑ፣ ሰው መሀል ግቡ እላለሁ ሁልጊዜ፤ አሁን ሳስበው ግን ያን ጊዜ አንድ ገጽ ሰዋስው ባነብ ኖሮ ያቺ የላሲት መጨረሻ ት ብዙ ቁጥር መሆኗን አውቅ ነበር፣ ውሃውንም ሦስቴ አላመላልስም ነበር።

መስኮት ደፍ ላይ ኢኩናላውዳላ ነው። ረጅም ቃል ነው፣ ሳልሰናከል ልለው ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። እሳቸው ግን ያን ጊዜ አልነበሩም።