ፍራንክፈርት ላይ አልጋ በስንት ይያዛል?

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚጠይቁት ስለ አንዲት ከተማ ነው፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ስለምትደረሰው የጀርመን የባንክና የንግድ ከተማ ስለ ፍራንክፈርት። ሦስቱንም እዚሁ መልሰናል።

ጥያቄ፦ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ነኝ። ከሸሪኬ ጋር ሆነን ሴፕቴምበር ላይ ለሚካሄደው የአውቶሜካኒካ ትርኢት ልንሄድ ነው። አራት ሌሊት ለማደር አስበን ነበር፤ የአልጋው ዋጋ ግን የሚቀመስ አልሆነም። ፍራንክፈርት ውስጥ ርካሽ ሰፈር የትኛው ነው?

መልስ፦ ከሰፈሩ በፊት ቀኑ ይታይ። ፍራንክፈርት ላይ የአልጋ ዋጋ የሚወጣውና የሚወርደው መሴ የሚባለው የትርኢት ማዕከል በሚያወጣው የዓመት መርሐ ግብር ነው። ያው ክፍል በተራ ሳምንት ከሚጠየቅበት ሁለትና ሦስት እጥፍ በትርኢት ሳምንት ይጠየቅበታል። ጃንዋሪ ላይ የቤት ጨርቃ ጨርቅ ትርኢቱ ሃይምቴክስቲል፣ ፌብሩዋሪ ላይ የቤት ዕቃው አምቢየንቴ፣ ኦክቶበር ላይ የመጻሕፍት ትርኢቱ አለ። የእናንተው አውቶሜካኒካ ተጋማሽ ቁጥር በሆኑት (ለሁለት እኩል በሚካፈሉት) የአውሮፓ ዓመታት በሴፕቴምበር ይውላል። ለጉብኝት ወይም ለሌላ ጉዳይ የሚሄድ ሰው ከእነዚህ ሳምንታት ቢሸሽ፣ በተለይ አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ሌሊት ቢያድር በጣም ይቀልለዋል፤ የቢሮ እንግዶች ሐሙስና አርብ ወደየቤታቸው ስለሚመለሱ ሆቴሎቹ ባዶ ይቀራሉ።

እናንተ ግን የምትሄዱት ለትርኢቱ ነውና ቀኑን መሸሽ አትችሉም። ማሳጠር ግን ትችላላችሁ። አውቶሜካኒካ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው የሚቆየው። ረቡዕ ጠዋት ገብታችሁ ረቡዕ፣ ሐሙስና አርብ ብታድሩ አራቱ ሌሊት ሦስት ይሆናል፤ ሦስተኛውም ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ይረክሳል። ለትእዛዝ የሚሄድ ነጋዴ ግን ቅዳሜን አይጠብቅ፤ ዋጋ የመቁረጥ ሥልጣን ያላቸው ኃላፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብለው ይመለሳሉ። ዋና ዋናዎቹን አቅራቢዎች ረቡዕና ሐሙስ ጨርሷቸው።

አሁን ወደ ሰፈሩ። ምክራችን ከተማው ውስጥ ርካሽ ሰፈር ከመፈለግ ይልቅ የባቡር መስመር መምረጥ ነው። ኤስ ባን ከሚባሉት የከተማ ባቡሮች ኤስ 3፣ ኤስ 4፣ ኤስ 5 እና ኤስ 6 መሴ በሚለው ጣቢያ በቀጥታ ይቆማሉ። በእነዚህ መስመሮች ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዱ ብታርፉ ባቡር ሳትቀይሩ ትርኢቱ ደጃፍ ትወርዳላችሁ። ኤሽቦርን በኤስ 3 ወይም በኤስ 4 ከሩብ ሰዓት በታች ነው፤ ብዙ የኩባንያ ቢሮ ያለበት ስለሆነ ግን እሱም በትርኢት ሳምንት ዋጋው ይወደዳል። በደቡብ በኩል ላንገን በእነዚሁ ሁለት መስመሮች ይደረሳል። ባድ ሆምቡርግ በኤስ 5፣ ባድ ፊልብል በኤስ 6 ነው። ዳርምሽታት የኤስ 3 መጨረሻ ስለሆነ መንገዱ ይረዝማል፤ ምርጫው ግን ሰፊ ነው። ኦፈንባኽ ቅርብና ርካሽ ነው እየተባለ ይመከራል፤ እውነትም ቅርብ ነው። ነገር ግን ወደዚያ የሚሄዱት ኤስ 1፣ ኤስ 2፣ ኤስ 8 እና ኤስ 9 በመሴ አያልፉም፤ ዋናው ባቡር ጣቢያ ላይ ወርዶ መቀየር አለ። ከዚያ በዩ 4 የምድር ውስጥ ባቡር አንድ ፌርማታ ብቻ ስለሆነ አይከብድም። ማይንስ ላይ ማደርም ያዋጣል፤ ፌብሩዋሪ ውስጥ ግን የካርኒቫል በዓሏ ከተማዋን ስለሚሞላት ያኔ አትሞክሩት።

ለምሳሌ ያህል እንስላው። መሴ አጠገብ ክፍሉ በአዳር 260 ዩሮ፣ ላንገን ላይ 120 ዩሮ ቢሆን በሦስት አዳር ልዩነቱ 420 ዩሮ ነው። ለሁለታችሁ ባቡር በቀን 25 ዩሮ ብታወጡ 75 ይሄዳል፤ 345 ዩሮ እጃችሁ ላይ ይቀራል። የባቡሩም ወጪ ላይኖር ይችላል፦ የብዙ ትርኢቶች መግቢያ ቲኬት የአካባቢውን ትራንስፖርት ይጨምራል። ቲኬታችሁ ላይ የትራንስፖርት ማኅበሩ የአር ኤም ፋው ምልክት መኖሩን ተመልከቱ። ከሌለ የቀን ቲኬት ግዙ፤ እስከ አምስት ሰው የሚያስኬድ የቡድን የቀን ቲኬትም ስላለ የሁለታችሁን ነጠላ ቲኬቶች ድምር ከእሱ ጋር አወዳድሩ። ጣቢያዎቹ መዝጊያ በር የላቸውም፤ ማንም አያስቆምም ብሎ ያለ ቲኬት የገባ ሰው ተቆጣጣሪ ካገኘው 60 ዩሮ ይቀጣል።

አንድ ክፍል የምትጋሩ ከሆነ አልጋው አንድ ነው ወይስ ሁለት ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ጀርመን አገር የሁለት ሰው ክፍል ማለት ብዙ ጊዜ በአንድ ማቀፊያ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ፍራሾች ናቸው። «ጽቫይ ጌትረንተ ቤተን» ካላችሁ የተለያዩ ሁለት አልጋዎች መፈለጋችሁን ይረዳሉ።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ የምሠራ የግል ድርጅት ሠራተኛ ነኝ። ለቪዛ ማመልከቻ የሆቴል ማስያዣ ያስፈልጋል ተብያለሁ። ቪዛው ሳይመታልኝ ገንዘብ ከፍዬ ቢከለከልስ? የባንክ ካርዴ ቅድመ ክፍያ የሚሞላበት ዓይነት ነው።

መልስ፦ ሲይዙ «በነፃ መሰረዝ ይቻላል» የሚለውንና ክፍያው ሆቴሉ ሲደረስ የሚፈጸመውን ይምረጡ። የማይመለሰው ጥቂት ይረክሳል፤ ከቪዛ በፊት ግን አይንኩት። ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻልበት የመጨረሻ ቀንና ሰዓት ማረጋገጫው ላይ ይጻፋል። ሰዓቱ የጀርመን ነው፦ 18፡00 ቢል በበጋቸው በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በትርኢት ሳምንት አንዳንድ ሆቴሎች ይህን ቀን በሳምንታት ያስቀድሙታል፤ ከቪዛ ቀጠሮዎ ጋር ያስተያዩት።

የሆቴሉ፣ የበረራውና የጉዞ መድን ቀኖች አንድ መሆን አለባቸው። መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና ቆይታውን በሙሉ የሚያካትት ይሁን። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ እሑድ ሌሊት ከቦሌ የሚነሳ ሰው ፍራንክፈርት የሚደርሰው ሰኞ ማለዳ ነው፤ አልጋው ከሰኞ ይያዝ። ከእሑድ የያዘ ሰው ቀድሞ ካላሳወቀ ሆቴሉ «እንግዳው ቀርቷል» ብሎ የቀሩትን ሌሊቶች ጭምር ሊሰርዝበት ይችላል።

ስምዎን ፓስፖርቱ ላይ በሰፈረበት ቅደም ተከተል ይሙሉ። እኛ በራስ ስም እንጠራራለን፤ እነሱ ግን መዝገቡን የሚያገላብጡት በመጨረሻው ስም ነው። የማረጋገጫ ቁጥሩን በወረቀት መያዝ ብዙ ክርክር ያስቀራል። አብሮዎት የሚያድር ሰው ካለ የእሱም ስም ማስያዣው ላይ ይግባ፤ የውጭ አገር እንግዳ ሲገባ ፓስፖርት አሳይቶ ቅጽ ይሞላል።

ካርድዎን በተመለከተ ሁለት ነገር ያጋጥማል። አንዳንድ ሆቴሎች ቅድመ ክፍያ የሚሞላበትን ካርድ ለዋስትና አይቀበሉም። ሌሎቹ ይቀበሉና ከክፍሉ ዋጋ በላይ ተጨማሪ ገንዘብ ያግዳሉ፤ የታገደው ከወጡ በኋላ ቀናት ቆይቶ ነው የሚለቀቀው። ስለዚህ የአልጋውን ዋጋ ልክ ብቻ ሞልተው አይሂዱ። በዘመድ ካርድ ከተያዘም ሆቴሉ ያንኑ ካርድ ማየት ሊፈልግ ስለሚችል አስቀድመው በኢሜይል ይስማሙ። ፍራንክፈርት እ.ኤ.አ. በ2018 በሰው በአዳር 2 ዩሮ የቱሪዝም መዋጮ ጀምራለች፤ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን፣ ለሥራ የሄደ ሰውም የድርጅት ደብዳቤ ካመጣ ይቀርለት እንደሆነ በዚያው ኢሜይል ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ ነው የምጽፈው። ብቻዬን ለሁለት ሌሊት፣ ቅዳሜና እሑድ እዚያ አድራለሁ። ዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት በጣም ርካሽ አልጋ አይቻለሁ። ልያዘው?

መልስ፦ የመንገዱን ስም ሳታዪ አትያዢ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፈር የአደንዛዥ ዕፅና የሴተኛ አዳሪ ቤቶች ችግር ለዓመታት ያለበት ነው። ካይዘርሽትራሰ ሰው የሚበዛበት ዋና መንገድ ነው፤ ታውኑስሽትራሰ፣ ኤልበሽትራሰ፣ ሞዘልሽትራሰና ኒዳሽትራሰ ግን ማታ ብቻሽን ሻንጣ እየጎተትሽ የምትሄጂባቸው አይደሉም። ከጣቢያው በስተደቡብ፣ በማንሃይመር ሽትራሰ በኩል ጸጥ ይላል።

ለአንቺ ግን ከሁሉ የሚሻለው ኒደራድ ይመስለናል። የቢሮ አካባቢ ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ ሆቴሎቹ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ከአየር ማረፊያ በኤስ 8 ወይም በኤስ 9 ሳትቀይሪ፣ ወደ መሐል ከተማ ሳትገቢ ትደርሻለሽ። ማታ ሰፈሩ ጭር ስለሚል ለጣቢያው የቀረበውን ምረጪ።

ማለዳ ስትደርሺ ክፍል ወዲያው አይሰጥሽም፤ መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ሻንጣሽን ግን ያለ ክፍያ ያስቀምጡልሻል። ቁርስ ያለበትን ዋጋ አትያዢ፤ በተለይ ፆም ከሆነ ጠረጴዛው ላይ ያለው ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላልና ሥጋ ስለሚበዛ የምትከፍዪው ለዳቦና ለፍራፍሬ ብቻ ይሆናል። እሑድ ሱፐርማርኬቶች ስለሚዘጉ የሚበላውን ቅዳሜ ግዢ፤ ካመለጠሽ ዋናው ባቡር ጣቢያና አየር ማረፊያው ውስጥ ያሉት ሱቆች እሑድም ይሠራሉ። የቧንቧ ውሃው ስለሚጠጣ ለውሃ ገንዘብ አታውጪ።