ጥያቄና መልስ፦ ልጆቼ ሲስቁ ለምን እፈራለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። ደሴ የምኖር የ3 ልጆች እናት ነኝ። ሰሞኑን ማታ ቡና አፍልቼ ከእናቴ ጋር ተቀምጠን ሳለ ትንሹ ልጄ የቲማቲም ድልህ ጣሳ በሲባጎ አስሮ፣ እንደ ጽና እያወዛወዘ ከጓዳ ወጣና «ተንሥኡ ለጸሎት!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ለካ ሸለብ አድርጓት ኖሯል። «እግዚኦ ተሣሃለነ!» ብላ ከነጋቢዋ ብድግ ስትል ሲኒው ተገለበጠ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሷም ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «በቃ በቃ፣ ብዙ ሳቅ መጨረሻው ለቅሶ ነው» ስትል ልቤ ድንግጥ አለ። ጣሳውን ነጥቄ «በጾም እንዲህ አይሳቅም፣ እግዚአብሔር ይቆጣሃል» አልኩት። እያለቀሰ ተኛ። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ፤ ቤታችን ደስ ሲለው አንድ ነገር ሊመጣብን ነው ብዬ እሰጋለሁ። የኢዮብ ልጆችስ ቤት የወደቀባቸው ሲበሉና ሲጠጡ አይደል? ይህ ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው ወይስ ሌላ ነገር?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ እኔም ሳቅሁ። በጾም ነው የሳቅሁት፤ ስለዚህ ካጠፋን አብረን ነው ያጠፋነው።

ስለ ጾሙ ብዙ አልልም፤ የነቢያትን ጾም እንዴት እንደምንጾም ታውቂዋለሽ። ሰሙነ ሕማማትም የራሱ ሥርዓት እንዳለው ለአንቺ መንገር አያስፈልግም። ጌታ ግን ስለ ጾም ሲያስተምር የተቆጣው ጾመኛ ለመምሰል ብለው ፊታቸውን በሚያጠወልጉት ላይ ነው። «ራስህን ተቀባ፣ ፊትህንም ታጠብ» ነው ያለው። በጾም መንደሩን የሚያዋርድ ቀልድ፣ ሰው የሚያማ ሳቅ አለ፤ እሱ በፍስኩም አይፈቀድም። እናትሽ እንቅልፍና ቅዳሴ ተምታቶባቸው ብድግ ስላሉ የሳቃችሁት ሳቅ ግን ከዚህ ወገን አይደለም።

የኔ ጉዳይ ከፍርሃቱ ጋር ነው። ይህን ፍርሃት ስንት ቤት አግኝቼዋለሁ መሰለሽ። ሰው ጥርሱ እስኪታይ ይስቅና ወዲያው አፉን በእጁ ከድኖ «ወደ ደህና ይመልሰው» ይላል። ከሠርግ ማግስት አንድ ሰው ሲታመም «ያን ቀን አብዝተን ጨፍረን ነበር» የሚል አይጠፋም። ልጁ ጥሩ ውጤት ሲያመጣ ደስታውን ደብቆ የሚኮሳተር አባት አለ። የኛ የክርስቲያኖች ብቻ እንዳይመስልሽ ደግሞ፤ ቡና የምታጣጪያት ሙስሊም ጎረቤትሽም ሳቁ ሲበዛ «ኸይር ያድርገው» ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ ነገሩ ከሃይማኖት ትምህርት የመጣ አይደለም። ከኖርነው ኑሮ የመጣ ነው።

ኑሮው ደግሞ ቀላል አልነበረም። እናትሽን አላውቃቸውም፤ ግን ዕድሜያቸውን ስገምት በ66ቱ ረኃብ ልጅ፣ በ77ቱ ምናልባት የልጅ እናት ነበሩ። በዚያ ዘመን በወሎ ስንቱ ቤት ባዶ ሆኖ እንደቀረ እሳቸው ያውቁታል። አንቺም ብትሆኚ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ደሴ ስትያዝ የነበረውን አይተሻል። ትናንት ቡና የጠጣሽበትን ቤት ቆልፈሽ፣ ልጅ አዝለሽ መውጣት ምን እንደሆነ ላንቺ አይነገርም። እንዲህ ያየ ሰው ደስታን እንደ ብድር ቢቆጥረው አልፈርድበትም። እናትሽ «በቃ» ሲሉም ልጆቹን ለመጠበቅ ብለው ነው። ፍቅር ነው ያናገራቸው።

ግን ከፍቅር የተነገረ ሁሉ ስለ እግዚአብሔር እውነት ይናገራል ማለት አይደለም። እኛ ሳናውቀው እግዚአብሔርን አራጣ አበዳሪ አድርገነዋል። ትንሽ ሳቅ ይሰጥና ለቅሶውን ከነወለዱ ሊሰበስብ ደጅ የሚጠብቅ! እንዲህ ያለ አምላክ አናመልክም እኅቴ። ስታስቢው ይህ ፍርሃት ከአምልኮ ይልቅ ለጥንቆላ ይቀርባል፤ ዕጣን አጢሶ፣ ጨሌ አስሮ ክፉ ቀን ለማባበል እንደሚሞክረው ሰው፣ እኛም ፊታችንን አጥቁረን ክፉ ቀንን ልናታልለው እንሞክራለን።

አሁን ወደ ኢዮብ እንምጣ፤ ይህን ጥቅስ ብዙ ሰው አምጥቶብኛል። እውነት ነው፣ ልጆቹ የሞቱት በታላቅ ወንድማቸው ቤት ሲበሉና ሲጠጡ ነው። ግን መጽሐፉን ከመጀመሪያው አንብቢው። እነዚያ ልጆች ተራ ገብተው በየቤታቸው ግብዣ ያደርጉ ነበር፤ እኅቶቻቸውንም ይጠሩ ነበር። ኢዮብ ይህን ከልክሏል? አልከለከለም። የግብዣው ቀን ሲያልፍ ማልዶ ተነሥቶ ስለ እያንዳንዳቸው መሥዋዕት ያቀርብ ነበር። የወላጅ ሥራ ይሄ ነው፤ ልጆች ይደሰታሉ፣ ወላጅ ይጸልያል። ደስታውን ማቋረጥ ከሥራው ውስጥ አልተጻፈም።

ከዚያስ? መከራው ሲመጣ «ልጆችህ በድለው ነው» ያለው ማን ነው? እግዚአብሔር አይደለም። በልዳዶስ ነው፤ ምዕራፍ 8 ላይ ታገኚዋለሽ። አንቺ ዛሬ ለራስሽ የምትነግሪውን ነው ያን ጊዜ ለኢዮብ የነገረው። በመጨረሻ እግዚአብሔር ሲናገር ደግሞ ቁጣው የነደደው በእነዚያ ባልንጀሮች ላይ ነው፤ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። መጽሐፉ ራሱ የኮነነውን ሐሳብ ከዚያው መጽሐፍ እየጠቀስን ቤታችን ስናስገባው ትንሽ አይገርምም? ኢዮብ የተጽናናውም እንደገና ልጆች ወልዶ ነው። ያን ሁሉ ያየ ሰው እነዚያን ሴቶች ልጆቹን ስም እያወጣ፣ በመልካቸው እየተደነቀ፣ ከወንድሞቻቸው ጋር ርስት እየሰጠ አሳደጋቸው። ሲስቁ እየደነገጠ ኖረ የሚል አላነበብኩም።

«የደስታም ፍጻሜ ልቅሶ ነው» የሚለው የምሳሌ 14 ቃልስ የምትይ ከሆነ፣ ከፊቱ ያለውን ቁጥር እዪ፤ ቅን መስላ ወደ ሞት ስለምትወስድ መንገድ እያወራ ነው። ጌታ በሉቃስ 6 ላይ «እናንተ አሁን የምታለቅሱ ብፁዓን ናችሁ፣ ትስቃላችሁና» ማለቱንም አትርሺ። ሳቅን ዋጋ አድርጎ ቃል የገባ ጌታ፣ መልሶ በሳቅ ምክንያት ይቀጣል?

እዚህ ላይ ግን ጠንከር ልበልብሽ። ፍርሃቱን እረዳለሁ፤ ለልጁ «እግዚአብሔር ይቆጣሃል» ማለትሽን ግን አልቀበልሽም። ልጅ እግዚአብሔርን መጀመሪያ የሚያውቀው በእናቱ አፍ ነው። ያን ማታ የተማረው ምንድን ነው? ቅዳሴውን ወድዶ ቢጫወተው እግዚአብሔር እንደሚጠላው። እያለቀሰ የተኛው ይህን ይዞ ነው። ካደገ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን የሚሸሽ ስንት ወጣት አለ፣ ሲጠየቅ መነሻው እንዲህ ያለች አንዲት ማታ የሆነችበት።

ደግሞ ልጅሽ በጨዋታው ብቻውን አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንዲህ ይተረካል። የእስክንድርያው ፓትርያርክ እለ እስክንድሮስ በባሕር ዳርቻ ልጆች ሲጫወቱ አዩ። አንዱ ጳጳስ ሆኖ ሌሎቹን ያጠምቃል። አስጠርተው ሲጠይቁት ሥርዓቱን ሳያዛንፍ እንዳደረገው አወቁ። ጣሳ አልነጠቁትም! ይዘው አሳደጉት። ያ ልጅ አትናቴዎስ ነው፤ በ325 እ.ኤ.አ. ዲያቆን ሆኖ ከፓትርያርኩ ጋር ኒቅያ ጉባኤ የሄደው፣ በኋላ 20ኛው ፓትርያርክ ሆኖ ለኛ አገር አባ ሰላማን የመጀመሪያ ጳጳስ አድርጎ የሾመው። የኛ ክህነት የመጣው በባሕር ዳርቻ ጳጳስ ሆኖ ሲጫወት በነበረ ልጅ እጅ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ስለዚህ ጣሳውን መልሺለት። ስትመልሺለትም «እግዚአብሔር አልተቆጣህም፣ እኔ ነኝ የደነገጥኩት» በይው። ልጅ ይገባዋል። እሑድ ቀደም ብላችሁ ሂዱና ዲያቆኑንና ካህኑን አጠገብ ሆኖ ይያቸው፤ ጽናው ለምን እንደሚወዛወዝ፣ ዕጣኑ ምን እንደሆነ በዚያው ይጠይቅሽ። ቤት ውስጥ ሲጫወት በጸሎቱ ቃል ላይ ማፌዝ ከጀመረ ያን ጊዜ ረጋ ብለሽ ታርሚዋለሽ። ማፌዝና መጫወት ይለያያሉ፤ እናት ስትሆኚ ልዩነቱን ከድምፁ ታውቂዋለሽ።

ፍርሃቱ ግን በአንድ ቀን አይለቅም፤ ነገም ሲስቁ ልብሽ ይደነግጣል። ያን ጊዜ «በቃ» ከማለት «ተመስገን» በዪ። ጮክ ብለሽ፣ እዚያው ሳቁ ሳይበርድ። ማታ ለጸሎት ስትቆሙም ከአቡነ ዘበሰማያት በፊት እያንዳንዱ ልጅ የዕለቱን አንድ ደስታ ይናገር። ኳስ አገባሁ ይበል፣ ሽሮው ጣፈጠኝ ይበል፣ አያቴ ተረት ነገረችኝ ይበል። ትልልቅ ነገር እንዲያመጡ አታስገድጃቸው። ዳዊት በመዝሙር 127 ላይ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው በረከቱ ምን እንደሆነ ሲቆጥር ልጆችህ በማዕድህ ዙሪያ እንደ ወይራ ቡቃያ ናቸው አለ፤ እንግዲህ ፈሪሃ እግዚአብሔር ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ እዚያ ማዕድ ዙሪያ አለልሽ።

እናትሽን እንዳትከራከሪያቸው። «መምህር ተሳስተሻል አለሽ» ብለሽ እንዳትሄጂባቸው፤ እሱን ካደረግሽ እኔ ነኝ የምጣላሽ። ይልቅ በክፉው ዘመን መሐል ያሳቃቸው ነገር ምን እንደነበር ጠይቂያቸው፤ ለልጆቹ ያውሩላቸው። በእርግጠኝነት አላቸው። በዚያ ረኃብ መሐል እንኳ የወሎ ሰው ጨዋታ አልጠፋበትም፤ ያን ጊዜ የኖሩ አዛውንቶች ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ስጋት ሌሊት የሚያባንንሽ ከሆነ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ድምፅ በሰማሽ ቁጥር ልብሽ እየመታ የሚያልብሽ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ጸሎቱንም ጠበሉንም አትተዪ፤ ሐኪም ዘንድም ሂጂ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ብዙ እናቶች ይህን የእምነት ጉድለት መስሏቸው ለዓመታት ብቻቸውን ይሸከሙታል፤ አንቺ እንደነሱ አትሁኚ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።