«ኢትዮጵያንኛ ትናገሪያለሽ?» ሲሉሽ

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። በቀደም ለሆስፒታል እንግዳ መቀበያ ሥራ ኢንተርቪው ገብቼ ጠያቂዋ «ኢትዮጵያንኛ ትናገሪያለሽ? ናይጄሪያ አጠገብ ነው አይደል?» አለችኝ። ተናድጄ ዝም አልኩ። ሥራውንም አላገኘሁ። የማያውቁት ቋንቋ ሲቪዬ ላይ ምን ያደርግልኛል? አማርኛን ላውጣው? ማንበብ እችላለሁ፣ መጻፍ ግን ይከብደኛል።

እህቴ፣ እንዳታወጪው!

ንዴትሽ ይገባኛል፤ ግን ሴትዮዋ አንቺን ለይታ የናቀችሽ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2006 ናሽናል ጂኦግራፊክ ባስጠናው ጥናት፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው አሜሪካውያን ከ10ሩ 6ቱ ኢራቅን ካርታ ላይ ማግኘት አልቻሉም። ያውም የአገራቸው ጦር እዚያ መዋጋት ከጀመረ 3 ዓመት ገደማ ሆኖት።

እኛስ ብትይ? እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ዕቃ ላኪ ድርጅት ውስጥ ስሠራ «ቫንኩቨር» የሚል ትእዛዝ ደረሰኝ። ቫንኩቨርማ ካናዳ ነው ብዬ የጉምሩክ ፎርም ሞልቼ ላክሁት። ለካ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ፣ ከፖርትላንድ ወንዝ ማዶ፣ ሌላ ቫንኩቨር አለች! «ዋሽንግተን እኮ ነው» ሲሉኝ ደግሞ ዲሲ መስሎኝ ድርቅ ብዬ ተከራከርኩ። አለቃዬ ካርታ አምጥታ በጣቷ አሳየችኝ፤ አልሳቀችብኝም። ያን ቀን ብትስቅብኝ በማግስቱ የምመለስ አይመስለኝም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ፈገግ ብለሽ «ምሥራቅ አፍሪካ ናት፤ የምናገረው አማርኛ ይባላል፤ እዚህ አካባቢ ብዙ ሕመምተኛ ይናገረዋል» በያትና ወደ ሥራው ተመለሽ። የአድዋን ታሪክ እዚያ አትጀምሪ። (ኦሮምኛ ወይም ትግርኛም ካለሽ ሲቪሽ ላይ ይግባ፤ እሷ «ኢትዮጵያንኛ» ያለችው ከ80 በላይ ቋንቋ ነው።)

ጠያቂዋ ባታውቀውም ሕጉ ያውቀዋል። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛና ከኮሪያኛ ጋር የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልም እንግሊዝኛ ለማይችል ሕመምተኛ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አንቺ ከእናትሽ ጓዳ ያገኘሽውን ቋንቋ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ለዲፕሎማቶቹ 44 ሳምንት፣ 1,100 የክፍል ሰዓት መድቦ ነው የሚያስተምረው።

ሲቪሽ ላይ ግን «አማርኛ፦ በጣም ጥሩ» ብለሽ አትለፊው፤ ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም። «መናገርና ማንበብ፦ የአፍ መፍቻ፤ መጻፍ፦ መካከለኛ» በይ። ኢንተርቪው ላይ ደግሞ የሰዓቱን ነገር አንሺ። ሐኪሙ ለ2 ፒኤም ቀጠሮ ሰጥቶ «ሁለት ሰዓት» ተብሎ ከተተረጎመላቸው፣ እማማ በጠዋት በብርድ መጥተው በር ላይ ይቆማሉ። «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብሎ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። የቀረ ቀጠሮ ሆስፒታሉን ገንዘብ ስለሚያስወጣው ጠያቂዋ ይህን ወዲያው ትረዳዋለች።

ወደ ሕክምና አስተርጓሚነት ማዘንበል ከፈለግሽ፣ ለብሔራዊ ምስክር ወረቀት ቢያንስ የ40 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል። ከመመዝገብሽ በፊት ራስሽን ፈትኚ፦ አንድ የእንግሊዝኛ የመድኃኒት መመሪያ ውሰጂና ለእናትሽ በአማርኛ እያነበብሽ ተርጉሚላቸው። «ምን ማለት ነው?» ያሉሽን ቃል ሁሉ ደብተር ላይ ጻፊ፤ በፊደል። መጻፍ ይከብደኛል ያልሽውም በዚያው ይቃለላል። አንድ ገጽ ሲሞላ ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።