«ኮምፒውተሩ ነው ያለው» ሲሏችሁ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ዲጂታል የመንግሥት አገልግሎት ናቸው። ምሬት ይበዛባቸዋል፤ ጥቂቶቹን መርጠናል።

ጥያቄ፦ አንድ መሥሪያ ቤት አገልግሎቱን ኦንላይን አድርጓል ሲባል ደስ ብሎኝ ፎርሙን በስልኬ ሞላሁ። መጨረሻ ላይ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አትመው፣ ፈርመህበት፣ ከመታወቂያህ ኮፒ ጋር በአካል አምጣ።» ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ዲጂታል?

መልስ፦ ምኑም። ፎርሙ ወደ ስልክ ገባ እንጂ አሠራሩ ያው ነው። ሰው የሚማረረው እኮ ፎርም በመሙላቱ አይደለም፤ አንዱ ቢሮ የሰጠውን ማስረጃ ተሸክሞ ወደ ሌላው ቢሮ በመመላለሱ ነው። መንግሥት ራሱ የጻፈልህን ወረቀት መልሶ አንተኑ አምጣ ይልሃል።

ኢስቶኒያ ይህን እንዴት እንደፈታችው ልንገርህ። ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤክስ-ሮድ የሚባል የመረጃ መለዋወጫ ሥራ ላይ አዋለች። ብዙ ሰው ሁሉም መረጃ አንድ ትልቅ ቋት ውስጥ የተከመረ ይመስለዋል፤ አይደለም። የነዋሪው መዝገብ በራሱ መሥሪያ ቤት፣ የግብሩ በግብር ቢሮ፣ የጤናው በጤና ተቋም ይቀመጣል፤ ከዚያ አንዱ ቢሮ ከሌላው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ፣ ያውም የመጠየቅ ፈቃድ ካለው፣ በተቆለፈ መስመር ይጠይቃል። አንዱ የያዘውን መረጃ ሌላው ዜጋውን ደግሞ እንዳይጠይቅ የሚል መርህም አላቸው። ስለዚህ ልጅ የወለዱ ወላጆች ለልጅ አበል ማመልከቻ ይዘው አይዞሩም። ልደቱ ሲመዘገብ ሲስተሙ የሚገባቸውን አስልቶ ያቀርብላቸዋል፣ እነሱ እሺ ይላሉ፣ አለቀ።

እኔን ይበልጥ የሚያስቀናኝ ግን ሌላ ነው። ዜጋው ገብቶ መረጃውን የትኛው መሥሪያ ቤት መቼ እንዳየው ማረጋገጥ ይችላል። እነሱ እኛን የሚያዩትን ያህል እኛም እነሱን ማየት ስንችል መተማመን ይመጣል።

ከባዱ ነገር ሶፍትዌሩ አይመስለኝም። «ፋይሉ የኔ ነው» የሚሉ ቢሮዎችን ማስማማቱ ነው ፈተናው። አንተ ግን ቅሬታ ስታስገባ «አገልግሎቱ መጥፎ ነው» ብለህ አትለፈው። ይህን ማስረጃ የሰጠኝ እገሌ የተባለው መሥሪያ ቤት ነው፣ ለምን ከዚያው አትወስዱትም ብለህ ጻፍ። እንዲህ ያለ ጥያቄ አድበስብሶ ለማለፍ አይመችም።

ጥያቄ፦ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ ስትሠራ ስለኖረች አሻራዋን ማሽኑ አያነብላትም። ስማርት ስልክም የላትም። ሁሉም ነገር ወደዚያ ሲሄድ እሷ የት ትግባ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ የእናትሽ ብቻ ችግር አይደለም። ሕንድ አድሃር በሚባለው መታወቂያዋ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው መዝግባለች፤ የአሥር ጣት አሻራና የሁለቱም ዓይን ምስል ተወስዶ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። ትልቅ ሥራ ነው፣ አይካድም። ነገር ግን የድጎማ እህል በሚታደልበት ቦታ አሻራቸው አልነበብ ያለ የቀን ሠራተኞችና አዛውንቶች ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ጊዜ አለ። መፍትሔው ሁለተኛ በር ነው፤ አሻራው እምቢ ካለ ዓይን፣ እሱም ካልሆነ ወደ ስልክ የሚላክ ኮድ፣ ምንም ካልሆነ ደግሞ ሰውየውን አይቶ በወረቀት የሚያጸድቅ ሠራተኛ።

ስማርት ስልክ ስለሌላት አትስጊ። ቶጎ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ ኖቪሲ በተባለው ፕሮግራም ገንዘብ ስታከፋፍል፣ ሰው የሚመዘገበው ኢንተርኔት በማያስፈልገው ተራ ስልክ አጭር ኮድ ደውሎ ነበር፤ ብሩም እዚያው ስልኩ ላይ በሞባይል ገንዘብ ይገባለታል። አየሽ፣ የሠራው ቀላሉ ቴክኖሎጂ ነው። እናትሽን የሚያስተናግደው ቢሮ ሁለተኛ በር እንዳለው ጠይቂ። «የለንም» ካሉ ጥፋቱ የእነሱ እንጂ የእሷ ጣት አይደለም።

ጥያቄ፦ በሄድኩ ቁጥር «ሲስተም የለም» እባላለሁ። የሌላው አገርም እንዲህ ነው?

መልስ፦ ነው! አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1፣ 2013 የጤና መድን መመዝገቢያ ድረ-ገጿን ስትከፍት በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበው የጨረሱት 6 ሰዎች ነበሩ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሆነው ነው፤ ባለሙያ አስገብተው በሁለት ወር ገደማ አስተካከሉት።

ጥያቄ፦ የማላውቀውን ዕዳ ክፈል የሚል ደብዳቤ ከአንድ መሥሪያ ቤት ደረሰኝ። ሄጄ ስጠይቅ «ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው፣ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም» አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኮምፒውተር በራሱ አያስብም፤ ስሌቱን የጻፈው ሰው ነው። የአውስትራሊያን ታሪክ ይስሙ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መንግሥት የድጎማ ተቀባዮችን ዕዳ በኮምፒውተር ማስላት ጀመረ፤ ሮቦዴት ተባለ። ስሌቱ የሰውን የዓመት ገቢ በ26 ያካፍላል፣ ምክንያቱም ድጎማው የሚታሰበው በየሁለት ሳምንቱ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው ግማሹን ዓመት ሠርቶ 26,000 ዶላር አገኘ፣ ግማሹን ደግሞ ሥራ ፈትቶ ድጎማ ወሰደ እንበል። ኮምፒውተሩ በየሁለት ሳምንቱ 1,000 ዶላር ሲያገኝ ነበር ብሎ ይደመድማል፤ ሥራ አጥ በነበረበት ጊዜ የወሰደው ድጎማ ዕዳ ሆነበት ማለት ነው። ስህተት መሆኑን የማስረዳቱ ጣጣ ደግሞ በዜጋው ላይ ወደቀ፣ የዓመታት የደመወዝ ወረቀት ፈልጎ እንዲያመጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 መንግሥት ፍርድ ቤት ላይ አሠራሩ ሕገ ወጥ መሆኑን አመነ። በቀጣዩ ዓመት ወደ 470,000 የሚሆኑ ዕዳዎችን ገንዘብ እንደሚመልስ አስታወቀ።

ስለዚህ ስሌቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የትኛው ጊዜ፣ በየትኛው መዝገብ፣ በምን ተባዝቶ ወይም ተካፍሎ። ውሳኔውን የመሻር ሥልጣን ያለው ኃላፊ ማን እንደሆነም ይጠይቁ። የማመልከቻዎን ቅጂ ማኅተም አስመትተው ይያዙ። ስሌቱን ሳያዩ ዕዳውን አምኛለሁ የሚል ነገር ላይ አይፈርሙ። ደብዳቤው ላይ የይግባኝ ቀነ ገደብ ካለ ግን መልሳቸውን ሳይጠብቁ ቀድመው ይግባኙን ያስገቡ።