ስለ ካርቱን ፊልም አባቶች ጠይቁኝ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ካርቱን የማሳይ መምህር ነኝ። ስትጠይቁ አደራ የፊልሙን ስም ጻፉ። ልጆቻችሁንም ብቻቸውን አታስቀምጡ፣ አብራችሁ እዩ።

ከደብረ ሲና፦ መምህር፣ ፋይንዲንግ ኒሞ ላይ አባትየው ለምን እንደዚያ ይጨነቃል?

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅህ። አባትየው ማርሊን ዓሣ ነው፤ ሚስቱንና እንቁላሎቹን ባራኩዳ የሚባል አዳኝ ዓሣ በልቶበት የተረፈችው አንዲት እንቁላል ናት። ከእሷ የተፈለፈለው ልጁ ኒሞ ደግሞ አንድ የመዋኛ ክንፉ ትንሽ ነው። ስለዚህ ማርሊን ፍቅሩን ሁሉ «አትችልም» በሚል ቃል ይነግረዋል። መጨረሻ ላይ ልጁ የተያዙትን ዓሦች ሊያድን ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ውስጥ ሊገባ ሲል ለቀቀው። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ ፊልሙን አቆማለሁ። እኔ ለትምህርት ከገጠር ስወጣ አባቴ እስከ አስፋልቱ ሸኝቶኝ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝ። በዚያ ብርድ! የእኛ አባቶች ዝም ስላሉ አልወደዱንም ማለት አይደለም። ይህን ለልጆች ማስረዳት የእኛ ፋንታ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጥሩ አባት ያለበት ፊልም ንገሩን።

መልስ፦ የልጁ ዕድሜ ስንት ነው? እንዲህ በደፈናው አልመልስም።

ከመንዝ፦ ሀው ቱ ትሬይን ዩር ድራጎን ላይ የመንደሩ አለቃ «ልጄ አይደለህም» ብሎ ሲያበቃ ይቅርታ ይጠይቃል። ልጅ አይንቀውም?

ከአንኮበር፦ አይንቅም ወንድሜ! ልጄን ያለ ጥፋቱ ገርፌው ይቅርታ ጠየቅሁት። ማታ እግሬን ሊያጥበኝ ውሃ ይዞ መጣ።

ከመንዝ፦ ድሮስ ልጅ የአባቱን እግር አያጥብም?

ከደብረ ሲና፦ እሱ አሁን በስንት ቤት ቀረ!

መልስ፦ ወደ ፊልሙ ተመለሱ። አለቃው ይቅርታ የጠየቀው ልጁን ከካደው በኋላ ነው። ያን ያህል ሳይርቅ ቢጠይቅ ይሻል ነበር።

ከሸዋ ሮቢት፦ ማርሊን ለምን ይጨነቃል?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል፤ አንብብ።

ከደብረ ብርሃን፦ ባለቤቴ ዓምና አርፏል። የስድስት ዓመት ልጄ ላየን ኪንግ ላይ የአንበሳው ግልገል የሲምባ አባት ሙፋሳ የሚሞትበትን ደጋግሞ ያያል። ልከልክለው?

መልስ፦ አይከልክሉት እትዬ። ብቻውን ግን አይይ። ሲምባ ከሞተው አባቱ ክንድ ስር ገብቶ ሲተኛ ልጅዎን እቅፍ ያድርጉት። ሲምባ አገር ጥሎ የሸሸው አጎቱ «በአንተ ሰበብ ሞተ» ብሎ ስላሳመነው ነው። ልጅዎም እንዲህ ያለ ነገር ልቡ ውስጥ ይዞ እንደሆነ ቀስ ብለው ይጠይቁት። ቅዳሜ ይዘውት ይምጡ፣ እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ።