ባለ 50 ወይስ ባለ 75?

ጥያቄ፦ 30 ያህል ከብት አሉኝ። ድርቆሹን በክብ ጥቅል አስራለሁ፤ አንዱ ጥቅል 450 ኪሎ ይደርሳል። ባለ 50 የፈረስ ጉልበት ትራክተር ይበቃኛል ወይስ ባለ 75 ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለ 75ቱን ይግዙ። ሻጭ ጎላ አድርጎ የሚነግርዎት የሞተሩን ጉልበት ነው። ማጨጃውንና ማሰሪያውን የሚያዞረው ግን ከኋላ ባለው ዘንግ የሚወጣው ነው፤ እሱ ደግሞ ከሞተሩ ያንሳል። ስለዚህ የዘንጉን ቁጥር ይጠይቁ።

ከጉልበቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ክብደቱ ነው። አንድ ጊዜ ከኋላ ምንም ሳላስር ጥቅል ከትራክተሩ ፊት ባለው ማንሻ (ሎደር) ከፍ አድርጌ ቁልቁለት ጀመርኩ። የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ብድግ አሉ! ፍሬን ብረግጥ ምን ዋጋ አለው፤ ፍሬኑ ያለው አየር ላይ በተንጠለጠሉት ጎማዎች ነው። ሎደሩን ቶሎ ዝቅ ባላደርግ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። አሁን ከኋላ ሁለተኛ ጥቅል ሳልሰካ ንቅንቅ አልልም፣ የፊቱንም መሬት አስጠግቼ ነው የምነዳው።

በአራቱም ጎማ የሚነዳ ይሁን። ከብት መካከል ወደፊትና ወደኋላ ሲመላለሱ ክላች መርገጥ ጉልበትዎን ይጨርሰዋልና፣ አቅጣጫ መቀየሪያው መሪው ሥር ያለና ክላች ሳይረገጥ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል። ቀለሙን ተዉት።